ለአባባ እግር የተጠረበ ደፍ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ሹም አቦ ሰፈር ነበር። የጓሮው በር ወደ በረንዳ ያስወጣል። ከበረንዳው ላይ ጣና ባይታይም ጠዋት ጠዋት ነፋሱ የደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞልን ይመጣ ነበር። አባባ የምንላቸው አያቴ ዓይናቸው ጠፍቷል። ግን በየማለዳው ማንም ሳይመራቸው ይነሡና ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ ያንን በር ተሻግረው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። በወጣትነታቸው ታንኳ ሠሪ ነበሩና ነፋሱን አሽትተው "ዛሬ ሐይቁ ተቆጥቷል" ይሉናል።

እኔ ፈሪ ነበርሁ። ሰማዩ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር እገባለሁ፤ እናቴ ከገበያ ከዘገየች በር ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። ታላቅ ወንድሜ "ፈሪ ለእናቱ!" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ክረምት የዚያን በር ደፍ ምስጥ በላው። ዝናቡ በሥሩ እየገባ ወለሉን አራሰው። ፋብሪካ የሚሠራው አባቴ በዕረፍት ቀኑ አሮጌውን እንጨት ነቀለ። ከመራዊ ያስመጣውን ዋንዛ ጠርቦ፣ ምስጥ እንዳይደፍረው የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ በቦታው አስገባ። ውኃ ልኩን አስቀመጠና "እዩልኝ፣ ቀጥ ያለ!" አለ። እውነትም ያምር ነበር።

በማግሥቱ አባባ ተደናቅፈው በጉልበታቸው ወደቁ። ብዙም አልተጎዱ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ወደ በረንዳ መውጣት ተዉ። እናቴ "እጅዎን ይስጡኝ፣ ላውጣዎ" ስትላቸው፣ "ተይኝ ልጄ፣ እንደ ጥጃ ተጎትቼ ከምወጣ እዚሁ ይሻለኛል" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲውሉ ሳይ፣ እንዲህ እንደተኙ ይሞቱብናል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ የእናቴን ነጠላ በዓይኔ ላይ አሰርሁና እንደሳቸው ግድግዳውን እየዳሰስሁ ሄድሁ። ደፉ ላይ ስደርስ እኔም ተደናቀፍሁ። ያን ጊዜ አሮጌው እንጨት ትዝ አለኝ። ለማገዶ ሊፈለጥ አጥሩ ሥር ተጥሏል። አገላብጬ አየሁት፤ መሃሉ በስንት ዘመን እግር ተበልቶ ጎድጉዷል። ጥልቀቱን ብለካው ሁለት ጣት ሙሉ ነው። የአባባ እግር የለመደው ያንን ጎድጓዳ ኖሯል።

አባቴ ሲመጣ አሮጌውን እንጨት አሳየሁትና አዲሱንም እንዲሁ እንዲያጎደጉደው ለመንሁት።

"አንቺ ልጅ፣ አዲሱን እንጨት ቶሎ አርጅ ልበለው?" አለኝ። "ደግሞስ ውኃው በጎድጓዳው ቢገባ?"

እንዲህ ይበል እንጂ አሮጌውን እንጨት በእጁ ሲዳብስ ቆየና ወደ አባባ ክፍል ተመለከተ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኑ መሮና መዶሻውን አነሣ። የደፉን መሃል በሁለት ጣቴ ልክ አጎደጎደው። ለውኃው ደግሞ በረንዳውን ወደ ግቢው እንዲያዘነብል አድርጎ በሲሚንቶ ለሰነው።

"አባባ፣ ደፉ እንደ ድሮው ሆኗል" አልኋቸው።

"በምን አወቅሽ?"

"ዓይኔን አስሬ ሄጄበታለሁ።"

ተነሡና ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄዱ። ደፉ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን አነሡ፣ አሳረፉ፣ ቆም አሉ፣ ሌላውን አሻገሩ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ወንድሜን ጠሩት፦ "ና አንተ ደፋር፤ ይቺን ፈሪ እጅ ንሣ!" አባቴም ለጎረቤቱ ሁሉ "የለካችውስ እሷ ናት" እያለ ከረመ።

ዛሬ ፋሲሎ ሰፈር ነው የምኖረው። የቤቴ ወለል ሴራሚክ ነው፤ የቱንም ያህል ቢመላለሱበት ማን እንደረገጠው አይናገርም። ልጆቼ ሲወጡ ሲገቡ "ቀስ በሉ፣ እዩ" ስላቸው "እማዬ፣ ጭንቀትሽ በዛ" ይሉኛል። በእርግጥም በዝቷል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምሁ ሴት ነኝ፤ የምኮራበት ነገር ብዙ አይደለም። በዚህ ግን እኮራለሁ፦ አባባ ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ኖሩ፤ አንድም ማለዳ እጃቸውን ይዞ ያወጣቸው ሰው አልነበረም።