ስማቸውን አልጻፈም

ያንን ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ በአካል ያወቅሁት አልጋውን ሳነጥፍ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ ወዳጆች አሉኝ፤ ይሳቁ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ሄግ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ሳጸዳ ነበር የምውለው፤ እሱ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያረፈ እንግዳ ነበር። የትራሱን ጨርቅ እየለወጥኩ ሻንጣው ላይ የተንጠለጠለችውን ካርድ አነበብኩና ክው ብዬ ቀረሁ።

ስሙን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ በፈረንሳይኛ ስማር የፓሪስ ጋዜጦች ሦስት ሳምንት ዘግይተውም ቢሆን ቤተ መጻሕፍታችን ይደርሱ ነበር፤ የሱን ዓምድ ለማንበብ እንሻማለን። ሰውየው ተሳዳቢ ነው፤ ግን ሲሳደብ ያምርበታል። አንድ ጳጳስ ሰድቦ ከጋዜጣው ተባረረ። ሌላ ጋዜጣ ገብቶ ሚኒስትር ሰደበ፤ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ከችሎት ሲወጣ እንደ ሙሽራ እየሳቀ ፎቶ ተነሣ። ቀጥሎ አብረውት ሰልፍ ሲወጡ የኖሩትን የግራ ጓደኞቹን፣ ሩቅ አገር የሚሞተውን ሰው አይታችሁ እንዳላያችሁ ታልፋላችሁ ብሎ ልክ ልካቸውን ነገራቸው፤ እነሱም ከሃዲ አሉት። አፋችንን ይዘን ለምናድር ልጆች እንዲህ የሚናገር ሰው በምድር ላይ መኖሩ ራሱ ብርቅ ነበር።

መነጽሩን ረስቶ ኖሮ ተመልሶ መጣ። እኔም አንሶላ እንደታቀፍኩ፣ በቁሜ፣ ስለ ጳጳሱ የጻፈውን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በቃሌ አልኩለት። ሰውየው ሻንጣው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። የፓሪስ ምሁራን የማያነቡትን የሄግ አልጋ አንጣፊ በቃሏ ታውቀዋለች እያለ ሳቀ። ከዚያ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰማ ሳቁን አቆመ።

በዚያን ጊዜ የአገራችን ረሃብ በየቴሌቪዥኑ ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ይዞ ነበር፦ ከሰሜን ሰው በመኪና እየተጫነ በግድ ወደ ደቡብ ይወሰዳል ሲባል ሰምቷል፤ የእርዳታ ሰዎችም እያዩ ዝም ብለዋል ይባላል። “በዓይኑ ያየ ሰው ያገናኙኝ፣ ማዳም” አለኝ። በአክብሮት ነው ያናገረኝ፤ ሽንት ቤቱን ላጥብለት የገባሁትን ሴት በ“እርስዎ” ነው ያናገረኝ። እዚያው ቀለጥኩ።

ያየ ሰው አውቅ ነበር። ከሮተርዳም በስተምሥራቅ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ፣ ከወንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ፤ አባባ እላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ወረዳ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ኖረዋል። በረሃቡ ዓመት ግን የመንግሥት ሰዎች መዝገብ አስይዘው መኪና ላይ የሚጫነውን ሰው ስም እንዲጽፉ አስቀመጧቸው። ጥቂት ቀን ጻፉ፤ ከዚያ መዝገቡን ጥለው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። ወንዱ ልጃቸው ከሱዳን አስመጣቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው፣ ወንዱ ልጃቸውም ሌት ተቀን በሥራ ስለሚጠመድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ የሚመጡት አገር ቤት ከቀረችው ሴት ልጃቸው ነበር። አስተማሪ ናት። አንድ ደብዳቤዋን ሦስት ጊዜ ያስነብቡኛል፤ ሦስተኛው ላይ ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀሳል።

“ይህ ፈረንጅ ምን ያደርግልናል?” አሉኝ ነገሩን ስነግራቸው።

“ይጽፋል፣ አባባ። እሱ ከጻፈ ዓለም ይሰማል።”

“ልጄስ? ልጄ እኮ እጃቸው ላይ ናት።”

“ስምዎን አይጽፍም። ቃል አስገባዋለሁ።”

አስገባሁትም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለልኝ።

የተቀጠረው ቀን አባባ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ጠበቁን። ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ጋዜጠኛው መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ሲጫን፣ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። ቆመው ነው የተናገሩት። ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ማን እንደሆነ ያስመዘግባል፤ ያለዚያ ቃሉ ወሬ ነው። ይህን ሠላሳ ዓመት ሲያስከብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ተናገሩ። ከዚያ የአባታቸውን አገር፣ የተጠመቁበትን ደብር፣ ቤታቸው ከደብሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን የአንበጣ መከላከያ መጋዘን፣ በስንት ዳኞች ሥር እንደሠሩ አንድ በአንድ አስቆጠሩ። እኔም ስማቸውን ብቻ ዘልዬ ሌላውን በሙሉ ተረጎምኩ። ምን መተርጎም ብቻ! አሳመርኩት እንጂ። አስተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ብዬ እየተመኘሁ ነበር።

ከዚያ ዋናውን ተናገሩ። “አንዲት ሴት ባሏ የትኛው መኪና ላይ እንዳለ ጠየቀችኝ። መዝገቡን ገልጬ አምስተኛው ላይ ነው አልኳት። አምስተኛው ሄዷል። ሄዷል ማለት አቅቶኝ መዝገቡን ደጋግሜ ገለጥኩ።” ጋዜጠኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ያን ጊዜ ጥሩ ሰው መሰለኝ።

ከሳምንት በኋላ ሆቴሉ ድረስ ስልክ ደወለ። እንግዳ ተቀባዮቹ የክፍል አጽጂዋ ከፓሪስ ተፈለገች ብለው ተያዩ። ሁለት ትንንሽ ጥያቄ አለኝ አለ። ደብሩ ከወንዙ በላይ ነው ወይስ በታች? ሰውየውስ አገር ቤት የቀረ ዘመድ አላቸው? እኔም ባንኮኒው ላይ ተደግፌ፣ ሁሉም እየሰማኝ፣ በሚያምረው ፈረንሳይኛዬ መለስኩ። “ከወንዙ በላይ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ከደብሩ በታች ባለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች።” ያን ቀን ሙሉ ደስ እንዳለኝ ዋልኩ። አሥራ አራት ክፍል ሳጸዳ አልደከመኝም።

ጽሑፉ ሲወጣ ጋዜጣውን ባቡር ጣቢያው ካለችው ሱቅ ገዛሁ። ሙሉ ገጽ ነበር። ስማቸው የለም፤ ቃሉን ጠብቋል። “አንድ አዛውንት የፍርድ ቤት ጸሐፊ” ነው የሚለው። በኩራት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። ላክ ወደሚባለው ሠፈር፣ ወደ ቤቴ የሚወስደኝ ትራም ላይ ወጥቼ ቅዳሜ ለአባባ እንዴት እንደማነብላቸው ልለማመድ ብዬ በልቤ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። የዚህ ደብር ልጅ። ቤቱ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት። ልጁ ከደብሩ በታች አንደኛ ክፍል የምታስተምረው። ሦስተኛው መስመር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ለፓሪስ አንባቢ ማንም ያልሆነ አዛውንት፣ በአማርኛ ስመልሰው አገር የሚያውቃቸው ሰው ሆኑ። በእኛ አገር ሰው የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ ስምማ ስንት ሰው ይጋራዋል። ይህን እሱ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። መውረጃዬን አልፌ የትራሙ መጨረሻ ድረስ ሄድኩ፤ ሾፌሩ መጥቶ ውረጂ አለኝ።

ከዚያ ደብዳቤ ቀረ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። በሦስተኛው ወር ከአገር ቤት በጀርመን በኩል የመጣ ሰው መልእክት አደረሰ፦ ልጅቷን ከክፍል ውስጥ፣ እያስተማረች ሳለ ወስደዋታል። አባባ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና “እኔ ነኝ” አሉ። “አበዛሁት። ስለ ልጄ ማንሳት አልነበረብኝም።”

ስለ ልጃቸው አላነሡም ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ አፌን ዘጋሁ። በራሴ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይኸው ዝምታዬ ነው።

በዚያው ሰሞን ጋዜጠኛው አምስተርዳም ለክርክር መጣ፤ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ግማሹ ውሸታም ይለዋል፣ ግማሹ ያጨበጭባል፤ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ በጽሑፍህ ምክንያት ለጋሾች እጃቸውን ሰበሰቡ እያለ እያለቀሰ ጮኸበት። እሱ መድረኩ ላይ ሆኖ ፊቱ ወዝ በወዝ ሆኗል፤ ስድብ ሲዘንብበት እንደዚያ የሚያምርበት ሰው አይቼ አላውቅም። በዕረፍቱ ሰዓት እጅጌውን ያዝኩት።

“ልጅቷን ወሰዷት” አልኩት። “እያስተማረች ሳለ።”

“ተማሪዎቹ እያዩ?” አለና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

ደብተሩን ሳይ እጄ ከእጅጌው ላይ ወደቀ። “ቃል ሰጥተውኝ ነበር!” አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ፤ ሰዎች ዞረው አዩን።

“ቃሌንማ ጠብቄአለሁ፣ ማዳም” አለኝ ረጋ ብሎ። “ስማቸውን የጻፍኩበትን ቦታ ያሳዩኝ።”

የጻፈበት ቦታ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጽሑፍ አወጣ፤ ርእሱ ስለ ምስክሩ ልጅ ነበር። “መታሰሯ የጻፍኩትን እውነተኛነት ያረጋግጣል” ይላል። ሕፃናቱ እያዩ መወሰዷን ሳይቀር፣ እኔ በቁጣ የነገርኩትን፣ አሳምሮ ጽፎታል። ሁለተኛ ጊዜ! ሁለተኛ ጊዜ አቀበልኩት። ጋዜጣውን ቀዳድጄ መጸዳጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ተደፈነና ራሴው ከፈትኩት።

ሰማንያዎቹ ወደ ማብቂያቸው ሲጠጉ ደግሞ ሰውየው እንደገና ዞረ። በሆቴሉ ሳሎን እንግዳ ጥሎት የሄደ መጽሔት ላይ አገኘሁት፤ አሁን ደግሞ አውሮፓ በስደተኛ ተጥለቀለቀች፣ ወደየመጡበት ይመለሱ ባይ ሆኗል። እነዚህ የተራቡ አይደሉም ይላል፤ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋዬን የምታነጥፍ አፍሪካዊት የጻፍኩትን በቃሏ ትደግምልኝ ነበር፣ የተራበ ሰው እንዲህ አያነብም ይላል። አንብቤ ቁጭ አልኩ። ስሜን አልጻፈም። መጥረጊያዬን ግን ጽፎታል፣ አንሶላዬን ጽፎታል፤ አብረውኝ የሚሠሩት ቢያነቡት ሁሉም ያውቁኛል። ትራሙ ውስጥ ስለ አባባ የደነገጥኩት ድንጋጤ ያኔ በራሴ ላይ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ካፔለ መሄድ አልተውኩም። የሚነበብ አልነበረም። አባባ የድሮዎቹን ያስነብቡኛል። የሚገርመው እሳቸው ተለውጠው ነበር። ሮተርዳም ለቅዳሴ በምንሰበሰብበት አዳራሽ አዲስ ሰው የት አገር ነዎት ሲላቸው፣ ያ ሁሉ የትውልድ ዝርዝር ቀርቶ “ከኢትዮጵያ” ብቻ ይላሉ። እኔ ጎናቸው ቆሜ እሰማለሁ።

ደብዳቤው የመጣው ልጃቸው ከተወሰደች ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ፣ በልብስ መካከል ተሰፍቶ። አባባ ገና ስገባ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። “ጽሕፈቱ የሷ ነው?” አሉኝ ከሰላምታው በፊት።

“የሷ ነው፣ አባባ።”

ተቀመጡ። ማንበብ ጀመርኩ። ተፈትታለች። ጤናዋ ደኅና ነው፤ ጥርሷን ትንሽ ያማታል። ወደ ማስተማር አልመለሷትም፤ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ገጹን ስገለብጥ ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዘለልኩት። ድምፄን ሳልለውጥ፣ ትንፋሼን ሳልሰበስብ ወደሚቀጥለው አለፍኩ፤ የሠፈር ሰው ሰላም ይልዎታል የሚለውን አነበብኩ።

“የዘለልሽውን አንብቢው” አሉኝ።

“ምንም አልዘለልኩም፣ አባባ።”

“ሠላሳ ዓመት ችሎት ላይ ወረቀት ሲነበብ የሰማሁ ሰው ነኝ። አንብቢው።”

አነበብኩት። “ሲመረምሩኝ አንድ ወረቀት አነበቡልኝ፤ ከደብሩ በታች አንደኛ ክፍል የምታስተምረው ልጁ ይላል። አባቴ፣ ይህን ማን ነገራቸው?”

ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና “እኔ ነኝ” አልኩ። “በስልክ ጠየቀኝ፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። እርስዎ አልተናገሩም።”

“አውቃለሁ” አሉ።

ደንግጬ ቀና አልኩ። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ነበር።

“የሰው ቃል ስመዘግብ ኖሬ የራሴን ቃል እረሳለሁ? ልጄን አንድም ጊዜ አላነሣሁም።”

“ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ? ይህን ሁሉ ጊዜ?”

እጃቸውን ዘርግተው ጭኔ ላይ ያለውን ወረቀት ፈለጉ፤ አገኙትና መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

“ዓይን የለኝም፣ ልጄ። አፍረሽ ብትቀሪብኝ ይህን ማን ያነብልኝ ነበር?” አሉ። “በይ ቀጥዪ።”