ጫማ ላለማውለቅ

ግራ እግሬ ማበጥ የጀመረው ደብረ ታቦር አስተማሪ ሆኜ ከተመደብሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያቃጥለኝና ያሳክከኝ ነበር፤ ቆይቶ ማታ ያበጠው ጧት መጉደሉን ተወ። ጉና ሥር ያደግን ሰዎች ይህን እግር እናውቀዋለን። የዘር ነው ይባላል፤ ያለበት ቤት ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። ስለዚህ ሰፊ ቡትስ ጫማ ገዛሁና እግሬን ከሚስቴ በቀር ለማንም ላላሳይ ወሰንሁ።

ቡትስ ትምህርት ቤት ያስኬዳል። ቤተ ክርስቲያን ግን ጫማ ይወልቃል፤ ካልሲ ደግሞ ያን እብጠት አይደብቅም። እናም እሁድ እሁድ ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፌ ማስቀደስ ያዝሁ። ሚስቴ ብቻዬን ልትተወኝ አልወደደችም፤ አጠገቤ ቆመች።

ባልና ሚስት ውጭ ሲቆሙ ሰው የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ ሌሊቱን አብረው የተኙ ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ሁዳዴ ገብቶም እዚያው ስንቆም ወሬው ተነሳ። የተነሳው ግን በእኔ ላይ አይደለም። ምስኪኑ መምህር፣ ጾም እንኳ የማታስከብር ሚስት ጥሎበት ነው ተባለ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው።

የንስሐ አባታችን እሷን ለብቻዋ ጠርተው ጠየቋት። የእግሬን ነገር አላነሳችም፤ አንገቷን ደፋች። ቀኖና ሰጧት፤ በየቀኑ አርባ ስግደት። ጧት ጧት እኔ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተኝቼ፣ እሷ ባልሠራችው ኃጢአት ትሰግዳለች። ስትጨርስ "ደከመሽ?" እላታለሁ። እንዲህ ያለሁ ደግ ሰው ነኝ።

አንድ ቀን "ለምን አልነገርሻቸውም?" አልኋት፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው።

"አንተስ መቼ ነገርሃቸው?" አለችኝ።

በማግስቱ እሷው ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ እግሬን ገና እንዳየችው አወቀችው። በልጅነታችን በባዶ እግራችን ስናርስ ከቀዩ አፈር ደቃቅ ነገር በቆዳችን እየገባ ነው የሚያሳብጠው፤ አይጋባም፣ እርግማንም አይደለም አለችኝ። መድኃኒቱ በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ከእግር አለመለየት ነበር። የፋሻ አስተሳሰርም አሳየችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት የሸሸሁት የሳሙና ሥራ ኖሯል።

ክረምቱ ሲወጣ እብጠቱ፣ ጨርሶ ባይጠፋም፣ በካልሲ ላይ የማያስታውቅ ሆነ። ጫማዬን አውልቄ ከሚስቴ ጋር ገባሁ። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ሚስቴን ጉንጯን ሳሟትና "እሰይ ልጄ፣ እንኳን ልብ ሰጠሽ። ሰው ይሳሳታል፣ ይመለሳል" አሏት።

"አሜን፣ እማማ" አለች ሚስቴ።

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተም ችለሃታል መምህር። እግዜር ዋጋህን ይክፈልህ።"

አሜን አልሁ።