የአበልጃችን ማኪና

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት የተመለስሁት። እናቴ ከዚያ በፊት ሞታለች። አባቴ ከአራዳ ዝቅ ብሎ ባለ ደብር መሪጌታ ነበር። ዓይኑን ሞራ እየሸፈነው ስለ ሄደ የሰው መልክ አይለይም፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። ግራ እጁን በግቢያችን የድንጋይ ካብ ላይ እያስኬደ፣ በቀኙ መቋሚያውን ይዞ ወደ ደብሩ ይወርዳል። የእኛ ካብ ሲያልቅ የጎረቤት ካብ ይቀጥላል፤ እሱ ሲያልቅ የደብሩ ቅጥር ይጀምራል። ምሩኝ ብሎ አያውቅም ነበር። እኔ ከመጣሁ በኋላ አብሬው እሄድ የጀመርሁትም እሱ ስለ ቸገረው አልነበረም፤ ቤት መዋል ስለ መረረኝ ነው።

ከእኛ ዝቅ ብሎ አንድ የእህል ነጋዴ ይኖር ነበር። አባቴ የልጁን ክርስትና አንሥቶለታልና አበልጅ ናቸው፤ ጽዋም አብረው ይጠጣሉ። ይህ ሰው ጣሊያን ጥሎት ከሄደው አንድ ትልቅ የጭነት ማኪና ገዝቶ፣ ከዳባትና ከደባርቅ እህል ያመላልስባት ጀመር። መጀመሪያ የመጣች ቀን የሰፈሩ ሰው ወጥቶ እልል አለ። እኔም ብያለሁ። አባቴ ኮፈኗን በእጁ እየዳሰሰ መረቃት።

የነጋዴው ደጅ ቁልቁለት ነው። ፍሬኗን ስላላመናት፣ መንገዱ ደልደል በሚልበት በእኛ በር ፊት፣ ካባችንን አስጠግቶ ያቆማት ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሲሆን ማንም ምንም አላለም። በኋላ ግን ጭነት ጠፋ፣ ጎማ ተበላሸ፣ ዕቃው ከአሥመራ እስኪመጣ ነው እየተባለ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም እዚያው ትሰነብት ጀመር። በአንድ ወገን ካቡን ዘግታዋለች፤ በሌላው ወገን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። በእሷና በቦዩ መካከል የሚተርፈው ሰው በጎኑ ሆኖ የሚያልፍበት ያህል ነው። ውኃ የቀዱ ሴቶች እንስራቸውን ከጀርባቸው አውርደው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ያልፉ ነበር። ከሆዷ የሚንጠባጠበው ዘይት ድንጋዩን አጥቁሮታል።

አባቴ ካቡን አጣው። እጁን ሲዘረጋ የሚያገኘው ፀሐይ ያጋለውን ብረት ሆነ። ያን ጊዜ መመራት ግድ ሆነበት፤ ከዚያ ወዲያ ክንዱን ስይዘው እጄ ላይ ይከብደኝ ጀመር።

«እኔ ልንገረው» አልሁት አንድ ቀን።

«ምን ብለሽ?»

«ማኪናዎን ያንሡልን ብዬ ነዋ።»

«አበልጄ ነው። በማኪና የተነሣ ከአበልጄ ልጣላ? ደግሞስ አንቺ...» ብሎ መቋሚያውን ያዘ።

ያላለውን አውቀዋለሁ። ከባሏ ተጣልታ መጣች፣ አሁን ደግሞ ከጎረቤት ልታጣላን ነው ይሉሻል ማለቱ ነው።

አልሰማሁትም። በማግሥቱ ነጋዴው ከቤቱ ሲወጣ ጠብቄ እጅ ነሣሁት። «አያ፣ እባክዎ ማኪናዋን ትንሽ ራቅ አድርገው ያቁሙልን። አባቴ መሄጃ አጣ።»

ሣቅ አለ። «ምነው ልጄ፣ መሪጌታ ለእኔ ምንም አላለኝ። እሱ ነው የላከሽ?»

«አልላከኝም።»

«እንግዲያማ እሱ ሲነግረኝ አነሣታለሁ። የእኔ ማኪና የእናንተም ማኪና ናት እኮ።»

ይህን ያለው ለአፉ ብቻ አልነበረም። በዚያው ወር ኮሶዬ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበረና እኔንና አባቴን ከሾፌሩ ጎን አስቀምጦ ወሰደን። ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ እየበረታ፣ ገደሉ ከበታቻችን ሲታይ፣ እኔ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ ነበር። በእግር ቢሆን ቀኑን ሙሉ በፈጀብን። አባቴ ስንመለስ «አየሽ፣ ሸጋ ሰው ነው» አለኝ። ሰው በማኪናው ተቀምጦ ሲያበቃ፣ ማኪናህን አንሣ ብሎ የሚናገርበት አፍ ከየት ያመጣል?

ቢሆንም የጽዋው ማኅበርተኞች ነገሩን አይተው ለነጋዴው ነገሩት። ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ማኪናዋን ሦስት ቀን ገበያው ዘንድ አቆማት። በአራተኛው ቀን ስነቃ በራችን ላይ ናት።

አባቴ ማንበብና መጻፍ አስተምሮኛል፤ በዚያ ዘመን እንደ እኔ ያለች ሴት ብዙ አልነበረችም። ማመልከቻ ጻፍሁና የመንገድና የቦታ ነገር ወደሚታይበት ቢሮ ወሰድሁ። የጻፍሁት ይህን ነው፦ «መንገዱ ጠቦብናል፤ ዓይኑ የጠፋ አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን መውረጃ አጥቷልና መፍትሔ እንዲሰጠን።» የነጋዴውን ስም አላነሣሁም። ለአባቴ ስል ነበር፤ አበልጁን ከሰሰ እንዳይባል። ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ማን ጻፈልሽ?»

«እኔው ነኝ።»

«ባልሽ የለም?»

«የለም።»

«ነገ ነይ» አለኝ። ነገም ሄድሁ። ከነገ ወዲያም ሄድሁ።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነውና አባቴ የሚወርደው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። አንድ ቀን ጸሐፊው በስድስት ሰዓት ነይና መልስሽን ውሰጂ ብሎኝ ነበር። ለአባቴ ነገርሁት።

«ሂጂ» አለኝ። «እኔ ይህን መንገድ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ሄድሁ። ጸሐፊው የለም። አለቃው ዘንድ ገብቷል ተብሎ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ ወጥቶ «ከፋሲካ በኋላ ነይ» አለኝ። እየተናደድሁ ስመለስ ሰው በራችን ላይ ተሰብስቦ አየሁ። አባቴ ቦዩ ውስጥ ነበር። ማኪናዋን እየዳሰሰ ሲያልፍ የፈሰሰው ዘይት አዳልጦት ወድቆ፣ ዳሌው ተሰብሯል። ነጠላው በዘይት ጠቁሯል። መቋሚያው ማኪናዋ ሥር ገብቶ ነበርና ተንበርክኬ አወጣሁት። አባቴ ድምፄን ሲሰማ ስለ ሕመሙ አልነገረኝም፤ «ቅዳሴው ገባ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ።

ወጌሻ ተጠርቶ መጣና ይህ የእኔ እጅ አይደለም አለ። ሐኪም ቤት የወሰደው ነጋዴው ራሱ ነው። አባቴን ከነአልጋው አራት ሰው ተሸክሞ ማኪናዋ ላይ ጫነው። መንገዱን ሙሉ ነጋዴው ከላይ ተቀምጦ የአባቴን ራስ ደግፎ ይዟል፤ አልቅሷልም። እንባው ውሸት አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አባቴ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ወደ ቤት ተመልሶ አልጋ ላይ ዋለ፤ ተማሪዎቹ እየመጡ ዜማውን እዚያው ይቀጽሉ ነበር። ማኪናዋም እሱ ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያን ቀን ነጋዴው ማር ይዞ ሊጠይቅ ሲመጣ አላስቻለኝም።

«አባቴን አልጋ ላይ ጥለው ዛሬም እዚያው አቆሟት?» አልሁት።

«እኔ ጣልሁት? ምነው ልጄ! እንዲህ ይባላል?»

«ዘይቷ ነው የጣለው። ዘይቱ የማን ነው?»

አባቴ ከአልጋው «ዝም በይ!» ብሎ ጮኸብኝ። በሕይወቴ እንዲያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። «የሳትሁት እኔ ነኝ። እግሬ ነው። ይልቅ ማሩን ተቀበይና ጠላ ቅጂለት።» ተቀበልሁ። ቀዳሁም። ነጋዴው ጠላውን እስኪጨርስ ድረስ ሁለቱ ስለ ልጁ ትምህርት ሲጫወቱ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። በነጋዴው ከተናደድሁት ይልቅ ያን ቀን በአባቴ ተናደድሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ከቢሮው ሦስት ሰዎች ገመድና ካስማ ይዘው መጡ። ጸሐፊውም ነበረበት። ማመልከቻዬ ደረሰ ብዬ ሮጬ ወጣሁ። ማኪናዋን ዞረው፣ ቦዩን ለኩ፤ ከዚያ ግቢያችን ገብተው ካስማውን ከካባችን ሰባት ክንድ ወደ ውስጥ ተከሉት።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁ።

ጸሐፊው ወረቀቴን ከማኅደር አውጥቶ አነበበልኝ። «መንገዱ ጠቦብናል ብላችኋል። መፍትሔም ጠይቃችኋል። መንገዱ ይሰፋል።»

«ማኪናዋ ትነሣልን ብዬ እኮ ነው!»

«ማኪና የሚል እዚህ አልተጻፈም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልጻፍሁም።

ካቡን በሁለት ቀን አፈረሱት። አባቴ የድንጋዩን ድምፅ ከአልጋው ሆኖ ሲሰማ «ምን እየሠሩ ነው?» አለኝ። «መንገዱን እያሰፉልህ ነው» አልሁት። «እግዜር ይስጣቸው» አለ። ማኪናዋም ጌሿችን የነበረበት ቦታ ላይ መቆም ጀመረች። አባቴ የተኛበት ክፍል መስኮት ከጎን ሳንቃዋ፣ ከስፖንዳዋ፣ አንድ ክንድ አይርቅም። ሞተሯ ሲነሣ ጭሱ ይገባልና ጠዋት ጠዋት መስኮቱን በጨርቅ እወትፈው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ። ነጋዴው ማኪናዋን አንሥቶ፣ የእህል መሸፈኛ ሸራውን አምጥቶ በዚያው ቦታ ዳስ አስጣለ። ከወንዶቹ ሁሉ ፊት ቆሞ አስተዛዛኝ የተቀበለ እሱ ነው። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ አበልጅ የት ይገኛል» አለ። እኔ ሸራው ሥር ተቀምጬ አለቀስሁ። ሠልስቱ እንደ ወጣ ሸራው ተጠቀለለ፤ ማኪናዋ ገባች።

ቤቱን ትቼ ኮሶዬ አጎቴ ዘንድ ወጣሁ። የሰፈሩን ልጆች ፊደል እያስቆጠርሁ ኖርሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነጋዴው ሞተ ብለው ላኩብኝ፤ የአባትሽ የክርስትና ልጅ አባት ነውና ለአባትሽ ስትይ ነይ አሉኝ። አልሄድሁም። ልቧ ድንጋይ ነው ብለው አሙኝ። እውነታቸውን ነው።