ሙጬ፣ የሸክላው አፍ

ሙጬ የቡሬ ገበያ አዋጅ ነጋሪ ነበር። ቁመቱ ከነጋሪቱ ብዙም አይበልጥ፤ ድምፁ ግን ወንዝ ተሻግሮ ከብት ያስደነብራል። በአገሩ ደንብ ትልቅ ሰው በአደባባይ አይጮህም። ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አጠገቡ አፍ የሚሆነው ሰው ይቆምና ቃሉን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያደርስለታል። ሙጬ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ሆኖ ኖረ። ዳኛ ቢፈርድ፣ በቅሎ ቢጠፋ፣ ግብር ቢጣል፣ በሙጬ ጉሮሮ ያላለፈ ነገር እንደተነገረ አይቆጠርም ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ሲገባ ግን ከገበያው መካከል ግንድ ተከለና ጫፉ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ። ሕዝቡም "ቆርቆሮው" አለው። ቆርቆሮው አይደክመው፣ ጠላ አይጠይቅ፣ ጉሮሮው አይደርቅ። ሙጬ ሥራ ፈታ። በገበያ ቀን ከግንዱ ሥር ቆሞ ሲያንጋጥጥ ያዩት ሁሉ "ምነው ሙጬ፣ ባላንጣህን ወጥተህ ልታወርደው ነው?" እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን አይስቅም። ሰው ካልፈለገኝ መኖሬ ለምኔ ነው እያለ ይብሰከሰካል።

በዚያው ዘመን የእህል ነጋዴው ክንፈሚካኤል ወንድ ልጁን ዳረ። ሁለቱ ቤተሰብ ለሚገናኙበት ለቅልቅሉ ድግስ ደግሞ፣ አማቾቹን ጉድ ለማሰኘት፣ ከደብረ ማርቆስ የሸክላ ማጫወቻ አስመጣ። በእጅ ሲጠመዘዝ መለከት በመሰለ አፉ የሚዘፍን ዕቃ ነው። ሚስቱ ባንቺአየሁ ዙሪያውን ዞራ አየችው።

"አፍ የሚሆነውስ ማን ነው?" አለች።

"ይኸው አፉ! አታይም?"

"ይህማ የራሱ ነው። ለሕዝቡ የሚያደርስለትን ማለቴ ነው እንጂ።"

"አንቺ ሴት፣ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው! በመካከል የሚገባ ሰው አያሻውም።"

"ይተዉኝ እስቲ! የሙሽሪትን አባት ግራዝማችን የሚያህል ሰው አፍ ሲያሻው፣ ይህ ከግራዝማች ሊበልጥ ነው?"

ክንፈሚካኤል ተቆጣ። ባንቺአየሁ ግን ለማንኛውም ብላ ሙጬን ጠራችው። ሙጬም መጥቶ ዕቃውን ሲያይ ተስፋ ቆረጠ። ደግሞ ሌላ ቆርቆሮ፣ ያውም የሚዘፍን!

የድግሱ ዕለት የሙሽራዋ የእናኑ አባት፣ ግራዝማች ሃይለ ሚካኤል፣ ዘመዶቻቸውን አስከትለው ከገጠር ገቡ። ሸክላው ተጠመዘዘ። ድምፁ ከፊት ለተቀመጠው ያምራል፤ ከዳሱ ጥግ ያለው ግን ጀሮው ውስጥ ትንኝ የገባ መሰለው። ክንፈሚካኤል "ጀሮህን አስጠጋ" ቢል እንግዳው ተራ ይዞ ጭንቅላቱን ከመለከቱ ውስጥ ይከት ጀመር። ሙሽሪትን ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ።

ግራዝማች ጠጁ ሞቅ ሲያደርጋቸው ለአዝማሪ እንደሚደረገው ወደ ዕቃው ዘወር አሉና፣ በዚያ በዝግታ ድምፃቸው "ተቀበል!" አሉት። ግጥም የተሰጠው አዝማሪ ተቀብሎ ማዜም ግዴታው ነው፤ ዝም ካለ ሰጪውን ናቀው ማለት ነው።

"ወይፈኑን ውሰዱ፣ ላሟን ከነመስኩ፤
እናኑን አደራ፣ ሆዷን እንዳትነኩ።"

ሸክላው የራሱን ዘፈን ቀጠለ።

"ተቀበል እኮ ነው የምልህ!"

አሁንም የራሱን። ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። "ልጄን አደራ ስል የሚሰማኝ ከሌለበት ቤት ምን አስቀመጠኝ?" ብለው ጋቢያቸውን ሲሰበስቡ ዘመዱ ሁሉ ተነሣ። እናኑ ማልቀስ ጀመረች።

"ኧረ አንቱ ግራዝማች! ዕቃ እኮ ነው፣ ጀሮ የለውም!" አለ ክንፈሚካኤል።

"ጀሮ ካልሰጠው ሠሪው ምን ብሎ አፍ ሰጠው?"

ይኼኔ ባንቺአየሁ ሙጬን ከጀርባው ገፋችው። ሙጬም ከሸክላው አጠገብ ቆመና የግራዝማችን ግጥም ስንኝ በስንኝ ተቀበለ። ደጅ የታሰሩት በቅሎዎች ተወራጩ። ከዳሱ ጥግ ያሉት ሳይቀሩ "እናኑን አደራ" የሚለውን ሰሙና እልልታው ቀለጠ። ግራዝማች ተቀመጡ፤ ዘመዱም ተከትሎ ተቀመጠ። ክንፈሚካኤል ተሸነፍኩ የሚል ሰው አይደለም፤ ግን ለሙጬ በገዛ እጁ ጠጅ ቀዳለት። ባንቺአየሁም ሲቀዳ አየችው።

"የኔን ተቀበልህልኝ" አሉ ግራዝማች። "በል ደግሞ አሁን ያንተን ስጥ።"

ሙጬ ደነገጠ። ያን ሁሉ ዘመን የዳኛውን፣ የሹሙን፣ በቅሎ የጠፋበትን ሰው ቃል ተሸክሞ ሲያደርስ የራሱ ቃል ኖሮት አያውቅም። ፈልጎ ፈልጎ፣ ከጥርሱ ባላለፈ ድምፅ፣

"ሙጬ ነኝ። አለሁ" አለ።

"አልተሰማም!" አሉ ከኋላ።

ደግሞ ሊል ቢሞክር ድምፁ ከፊተኛውም አነሰ። ሰዉ አፍ የሚሆንለት ፍለጋ ግራ ቀኙን አየ፤ ማንም አልነበረም። ያኔ በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ግራዝማች ሃይለ ሚካኤል ብድግ አሉ። ከሙጬ አጠገብ ቆሙና የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ጮኹ።

"ሙጬ ነኝ፣ አለሁ፣ ይላል!"