ሽማግሌ እጅ ላይ ያለቀ ስድሳ ቀን

ቆቦ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ግጥም ምሳ አያበላም። አንድ ጠዋት የዋጃው አጎቴ ከባጃጅ ሳይወርድ ጮኸብኝ፤

"አንተ ግጥመኛ! ብዕርህን አውጣ፣ ጉድ ሆንኩ!"

የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ ለሚስቱ ቀለብ እንዲቆርጥ ታዟል። ይግባኝ ማለት ይፈልጋል። ትእዛዙ ላይ ያለውን ቀን አይቼ ቆጠርኩ። ለይግባኝ የተፈቀደው ስድሳ ቀን አልፏል።

"ምን ስትሠራ ከረምህ?"

"ሽማግሌ ይዞኝ ነዋ!"

ይህን የራያ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ነገር ሽማግሌ እጅ ከገባ በኋላ ፍርድ ቤት የሚሮጥ ሰው ሽማግሌ ናቂ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አንዱን ሳምንት ለለቅሶ፣ ሌላውን ለማሽላ አጨዳ፣ ሌላውን ለጠፋ ግመል ፍለጋ ብለው ቀጠሮ አዛወሩ። ሳያስታርቁም ተበተኑ።

ይግባኙ ከመግባቱ በፊት የወልድያው ፍርድ ቤት መዘግየቱን እንዲፈቅድ ማመልከት ነበረብን። "ጊዜ እንደ ጎሊና ወንዝ ጎርፍ ሳይታወቅ ነጎደ" ብዬ ጀመርኩ።

"ዳኛው እስክስታ ሊወርድ ነው? ሰርዘው!" አለኝ። ሰረዝኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ እንድትሰጥ የተጠራችው ሚስቱ መጥሪያዋን ይዛ መጣች።

"ለኔም ጻፍልኝ።"

"አክስቴ፣ እንዴት አድርጌ? የአጎቴ ባላጋራ እኮ ነሽ።"

"ወተቴን ስትጠጣ እንዲህ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ወረቀት አወጣሁ።

"እውነቱን ጻፍ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እኔ ግቢ ነው፤ ሙክቴንም በልተዋል። ሰውየው ቸል ብሎ አልዘገየም በል።"

"እንዲህ ካልሽ ይፈቀድለታል!"

"ይፈቀድለት። ቀን አልፎበት ረታችው እንዲባል አልፈልግም። ቀለቡ ይገባኛል፤ ይምጣና ፊት ለፊት እረታዋለሁ።"

ያለችውን እንዳለችው ጻፍኩ። አንድም ቃል አላስጌጥኩም፤ እስከዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ግን የምወደው እሱን ነው።

ተፈቀደ። አጎቴ እየሳቀ መጣ። የመሰከረችለት ማን እንደሆነች ስነግረው ግን አጠገቤ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

"እሷ?"

"እሷ። አሁን ይግባኙን ልጻፍ?"

ነጠላውን አወለቀ፣ መልሶ ለበሰ።

"ጻፍ። ግን አልከፍልም አትበል። ትንሽ ይቀነስልኝ በል።" ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሄደና ዞረ። "ሙክቱንም እኔ እተካለሁ በል።"

"እሱ ይግባኝ ውስጥ አይገባም፣ አጎቴ።"

"እንግዲያው ሄጄ እነግራታለሁ" አለና ባጃጅ ጠራ።