በወረቀት ላይ ያደረስነው የመኪና አደጋ

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ የሞተ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ደግ ነው። እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው፣ ደግ ያደረግኳቸው እኔ ስለሆንኩ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከመጻሕፍት ለቃቅሜያለሁ። እድራችን ይህን አይቶ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍና በቀብር ሥርዓቱ ላይ እንዳነብ መደበኝ። በሥራ ቀን ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እነዳለሁ፤ ሰው ሲሞት እጽፋለሁ። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን «ለትዳሩ ታማኝ» ብዬዋለሁ። ሰካራሙ «ተጫዋች» ተብሎ ተቀብሯል። ልጆቼን ሲዋሹ የምቀጣው እኔ፣ የራሴን ውሸት ይሉኝታ ነበር የምለው።

ከመካከላችን አንድ ሰው ነበር። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ይከበር ብሎ በአደባባይ ይሟገታል፤ ራሱም እንደዚያ መሆኑን አልደበቀም። እሑድ ግን ቅዳሴ አይቀርም። ካስቀደሰ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ የሽማግሌዎቻችንን የዜግነት ፎርም ይሞላል፣ ለፈተናው ያስጠናቸዋል። የእድራችን ሊቀመንበር አሜሪካዊ የሆነው በእሱ አስጠኚነት ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ ግን እጁን አይጨብጠውም፤ «ጉንፋን ይዞኛል» ይለዋል። ያ ጉንፋን ሦስት ዓመት ቆየ። እኔንም ይዞኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር ያለው ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ተኩሶ ገደለው። ገዳዩም፣ ሰውየው በሚሟገትለት መብት ምክንያት እንደገደለው ለፖሊስ በገዛ አፉ ተናገረ። ከተማው ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ኮል አደረገኝ።

«ጋሼ፣ የሕይወት ታሪኩን አሳጥረው።»

«አሟሟቱን ምን ልበል?»

«የመኪና አደጋ በል።»

«መኪና የለውም እኮ! በአውቶቡስ ነበር የሚሄደው።»

«እንግዲያው መኪና ገጨው በላ! ምን አስጨነቀህ? ያን ጉድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልታነብ ነው?»

ጻፍኩት። የመኪና አደጋው በጣም አማረልኝ።

እራት ስንበላ ነርስነት የምትማረው ልጄ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አነበበችው። በቁጣ ያስተማርኳት ፊደል በእኔው ላይ መጣ።

«አባዬ፣ ድራይቨሩ ማነው?»

«የምኑ?»

«የገጨው መኪና ነዋ። ፖሊስ ይፈልገዋል እኮ።»

«አታሹፊ! ለሟቹ ክብር ብዬ ነው።»

«ለሟቹ ነው ለሊቀመንበሩ? ትንሽ ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ሰብሬ ድመቷ ናት ስልህ፣ በሐሰት መመስከር ኃጢአት ነው ብለህ መቶ ጊዜ አስጽፈኸኛል። ይህን ካነበብክ፣ ሁለተኛ ስለ ኃጢአት እንዳታወራኝ። አይ ሚን ኢት።»

እንደማትቀልድ አውቃለሁ፤ በግትርነት እኔን ናት። ማታ ጸሎት ቆምኩ፤ ከጸሎት ይልቅ ክርክር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት የምትለውን ጽድቅ ነው አላልኩም፤ ዛሬም አልልም። ነገር ግን መግደልን የከለከለው አምላክ «ከእነ እገሌ በስተቀር» ብሎ አልጨመረበትም። ወንድሙን የገደለው የመጀመሪያው ሰው እንኳ ሲጠየቅ አላውቅም ብሎ ነው የካደው። መኪና ገጨው ማለት ለእሱም አልመጣለትም።

በቀብሩ ዕለት ፍትሐቱ እንዳለቀ፣ ያን ሌሊት እንደገና የጻፍኩትን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩ። «ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ሲሟገት ኖረ። ስለዚሁም በሰው እጅ ተገደለ። ክርስቲያን ነበር። ከእኛ ጋር አስቀድሷል፣ ፎርማችንን ሞልቶልናል። እኛ ግን እጁን አልጨበጥነውም።»

ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ሊቀመንበሩ አቀርቅሮ ስልኩን መነካካት ጀመረ፤ ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር። ከፊት የተቀመጠችው የሟች ታላቅ እህት እስከዚያ ድረስ ጮክ ብላ ማልቀስ እንኳ አፍራ ነበር። አሁን ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አዎ፣ ገደሉት!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜን ገደሉት!»

ከዚያ በኋላ ሌሎች ሴቶችም አብረዋት አለቀሱ። ለቅሶው ያን ጊዜ ለቅሶ ሆነ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች። እውነቱን ልናገር፣ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር።

«ጥሩ ጻፍክ» አለችኝ። ቀጥላ ግን፣ «እሱ እያለ እጁን ለምን አልጨበጥከውም?» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአባትሽ ጋር እንዲህ አይወራም ብዬ እቆጣት ነበር።

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

«ማንን?»

«እግዚአብሔርን ይመስለኝ ነበር» አልኩ። «ለካ ሊቀመንበሩን ኖሯል።»