የውሃ አባቱ ስም

አያ ገዳሙ ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብላ በምትገኘው መንደራችን የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት ከወንዙ የተጠለፈውን መስኖ ለአሥሩ ቤት በተራ የሚያከፋፍል፣ ቦዩ ሲደፈን የሚያስጠርግ፣ ሁለት ሰዎች በውሃ ሲጣሉ መካከል የሚገባ ሰው ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ሊማሩ ከቤት ወጥተው ነበር፤ አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጠው ወደ እርሻው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ መቆፈሪያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ማልደው በቦዩ ዳር ሲሄዱ ያላየ የመንደሩ ሰው የለም። ለዚህ ሥራ ደመወዝ አያገኙም። የሚያገኙት መታመንን ብቻ ነበር፤ ባለፈው በጋ እሱንም ሊያጡት ምንም አልቀራቸውም።

ውሃው የሚታደለው በእጣ ነው። አዲስ ዙር በተጀመረ ቁጥር እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት ያዋጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ። አያ ገዳሙ ምልክቶቹን በባርኔጣቸው ይደባልቃሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛም እጁን እየሰደደ ያወጣል። ቀድሞ የወጣ ድንቹን በሙሉ ውሃ ያጠጣል፤ መጨረሻ የወጣ ጭቃ ይደርሰዋል።

አያ ገዳሙ ልጃቸውን ሔዋንን ለጎረቤታቸው ለየሺዋስ ልጅ ዳሩ። ሰርጉ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ አጎቴ እንዳላማው፣ ድንቹ የደረቀበት፣ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞ ይዞር ጀመር፦ «ከሰርጉ ወዲህ የሺዋስ አንደኛ ያልወጣበት ዙር አለ?» ጥያቄው መልስ አላስፈለገውም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከአያ ገዳሙ ጋር የሚደረገው ሰላምታ አጠረ። እጣ ሲወጣ ሰው ዐይኑን የሚጥለው ከባርኔጣው ይልቅ በጋቢያቸው እጥፋት ላይ ሆነ። በመጨረሻም በእሑድ ጉባኤ ከሹመታቸው ሊነሱ ተመከረ። በእኛ አገር በውሃ ሌብነት ከሹመቱ የተነሣ ሰው ከእድርም ከማኅበርም እንደተነሣ ይቆጠራል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ስታቲስቲክስ የምማር፣ ከክፍሌም አንደኛ የሆንሁ ነኝና ለእረፍት ስመለስ አጎቴ በር ላይ ጠበቀኝ።

«የኔአለም፣ አንቺ የቁጥር ሰው ነሽ። የዚህን ሰው ሌብነት በቁጥር አውጪልኝ።»

«አጎቴ፣ እኔ የምነሣው እጣው ትክክል ነው ብዬ ነው። ከዚያ የማየው ነገር ይህን ግምት የሚያፈርስ መሆን አለመሆኑን እመረምራለሁ።»

«ትክክል ነው ብለሽ ከተነሣሽማ ገና ሳንጀምር ተሸነፍን!»

«ዳኛስ ተከሳሹን ነጻ ነው ብሎ አይደለም የሚጀምረው?»

«የኛን ዳኞች አላየሻቸውም።»

ያለፉትን ዙሮች ጠየቅሁት። የሺዋስ የቀደመባቸውን ከነቀናቸው ያስታውሳል፤ ሌሎቹን ስጠይቀው ራሱን አከከ። ጥርጣሬን የወለደ ትዝታ ተመልሶ የጥርጣሬው ምስክር ሊሆን አይችልም። አዲስ እጣ ያስፈልግ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቦዩ ራስ ተሰበሰብን። ሐሳቤን በጉባኤው ፊት አቀረብሁ፦ እጣው ሃያ ጊዜ ይወጣል፤ በየጊዜው መጀመሪያ የወጣውን ብቻ እናያለን። ቤቱ አሥር ስለሆነ፣ እጣው ትክክል ከሆነ የሺዋስ ሁለት ጊዜ ያህል ይቀድማል። ስንት ጊዜ ቢቀድም ነው ታዲያ «ይህስ ዕድል አይደለም» የምንለው? ይህን አሁኑኑ መወሰን አለብን፤ ካየን በኋላ የምንወስነው ቁጥር ልባችን የፈለገው ቁጥር ይሆናልና።

«ሦስት ይበቃል!» አለ አጎቴ።

«በትክክለኛ እጣም ቢሆን ሃያውን ደጋግመን ብናወጣ ከሦስት ሙከራ በአንዱ ያህል ሦስትና ከዚያ በላይ ይመጣል። በሦስት ከፈረድን ንጹሕ ሰው እናዋርዳለን።»

«እንግዲያስ አሥር ይሁን» አለ የሺዋስ።

«አሥር ካልን ደግሞ ሌባ ቢኖርም ያመልጣል።»

ስድስት ላይ ተስማማን። ትክክለኛ እጣ ስድስትና ከዚያ በላይ የሚያደርሰው ከመቶ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። አያ ገዳሙ ከቦዩ ማዶ ድንጋይ ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ባርኔጣውን እኔ ያዝሁ። አውጪዋ ለዘመድ ዝክር ከደምበጫ የመጣችው ጥሩነሽ ነበረች።

«ውሃ ልጠጣ ብዬ ብወርድ ዳኛ አደረጋችሁኝ!» እያለች ፊቷን አዙራ እጇን ሰደደች።

የሺዋስ ሰባት ጊዜ ቀደመ።

«አላልኋችሁም?» አጎቴ ዘሎ ተነሣ። «ገዳሙ፣ መቆፈሪያህን አስረክብ!»

«ቆይ አጎቴ» አልሁ። «በዕድል ብቻ መጣ ለማለት ይከብዳል፤ ቁጥሩ የነገረን ይህንን ነው። ማን እንዳደረገው ግን አልነገረንም። አያ ገዳሙ ባርኔጣውን አልነኩም፤ የያዝሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ?»

ጥቂቶች ሳቁ። ያልሳቁት እጆቼን ያዩ ነበር።

ባርኔጣውን በነጠላዬ ላይ ገለበጥሁት። ከጠጠሩና ከባቄላው መካከል አውራ ጣት የሚያህል የቀንድ ቁራጭ ተንከባለለ።

«የማን ነው?»

«የኔ» አለ የሺዋስ። «ለሰርጉ ካረድነው በሬ የቆረጥሁት ነው። ለቤቴ ገድ ይሆናል ብዬ።»

«እጄን ስሰድ እኮ መጀመሪያ የሚገናኘኝ እሱ ነው» አለች ጥሩነሽ። «ያችን ባቄላ ማን ፈልጎ ያገኛታል!»

አጎቴ «ከሰርጉ ወዲህ» ሲል አልተሳሳተም። ሰርጉ ዝምድናን አመጣ፤ ቀንዱንም አመጣ። ሰው ያየው ዝምድናውን ብቻ ነበር።

ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አሥር እኩል እንጨቶች አስቆረጥሁ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት ጫረበት። በዚያው ስምምነት ሃያውን ደገምነው። የሺዋስ ሦስት ጊዜ ቀደመ።

«ሦስት! ከሁለት ይበልጣል!» አለ አጎቴ።

«ወሰናችን ስድስት ነው።»

«እንግዲያ ገዳሙ ንጹሕ ነው በይና።»

«ንጹሕ ናቸው አላልሁም። በአዲሱ እንጨት እጣውን የምጠረጥርበት በቂ ምክንያት አላገኘሁም ነው ያልሁት።»

አነጋገሬ እንከን አልነበረውም። አያ ገዳሙ ግን ቦዩን ተሻግረው መጡና ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ውሃ ሳከፋፍል ኖሬ፣ ስሜ ‹በቂ ምክንያት አልተገኘም› ነው?»

«አያ፣ ቁጥሩ ከዚህ በላይ አይናገርም።»

«እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ዐይኔን ወደ እንጨቶቹ መለስሁ። የሺዋስ ቀንዱ እንደሚቀድም አስተውሎ ኖሯል? እሳቸውስ በየዙሩ እያዩ ዝም ብለው ኖሯል? ይህን የሚፈትን ፈተና አልተማርሁም፤ ያልፈተንሁትንም አልመሰክርም።

ጉባኤው አያ ገዳሙ በሹመታቸው እንዲቆዩ፣ ባርኔጣውን ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንዲይዝ ወሰነ። ወዲያው በእንጨቶቹ የዙሩ እጣ ወጣ፤ አንደኛ የወጣው የአጎቴ ምልክት ሆነ። ማንም አላጨበጨበም።

አያ ገዳሙ መቆፈሪያቸውን አንሥተው ወደ አጎቴ ማሳ ወረዱ፤ የቦዩን አፍ በእጃቸው ከፈቱለት። አጎቴም ውሃው ሳይጎድል መግባቱን ለማየት ከኋላቸው ተከተላቸው።